አንድ ዘረመል፣ ሁለት ማዕድ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት የሚሠሩ ተመራማሪዎች አንድ የጉበት ኢንዛይም በኢትዮጵያውያን ዘንድ እንዴት እንደሚሠራ መመርመር ጀመሩ። ከመካከላቸው ኢትዮጵያዊቷ የመድኃኒት ሳይንስ ተመራማሪ እሌኒ አክሊሉ ይገኙበታል። ኢንዛይሙ ሲዋይፒ2ዲ6 ይባላል። ሥራው ወደ ሰውነት የገቡ መድኃኒቶችንና በአንዳንድ ዕፅዋት ውስጥ የሚገኙ መራራ መርዞችን እየለወጠ ማስወገድ ነው። ሐኪሞች ከሚያዝዟቸው መድኃኒቶች ከአምስት አንዱ፣ ምናልባትም ሩቡ፣ በእሱ በኩል ያልፋል።

ይህን ኢንዛይም የሚያሠራውን ዘረመል አብዛኛው ሰው ከእናቱ አንድ፣ ከአባቱ አንድ፣ በድምሩ ሁለት ቅጂ ይወርሳል። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመው ጥናት ግን ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት ትርፍ ቅጂ ይዘው ተገኙ። በስዊድናውያን ዘንድ እንዲህ ያለው ሰው ከመቶ አንድ ወይም ሁለት ቢሆን ነው። ትርፍ ቅጂ ያለው ሰው ኢንዛይሙን አብዝቶ ያመርታል። ስለዚህ አንዳንዱ መድኃኒት ሳይሠራ ከደሙ ይጠፋበታል፤ ሌላው ደግሞ ከሚገባው በላይ ይበረታበታል። ኮዴይን የተባለው ማስታገሻ ወደ ሞርፊን የሚለወጠው በዚሁ ኢንዛይም ነው፤ ኢንዛይሙ የበዛበት ሕፃን የተለመደውን መጠን ወስዶ ትንፋሹ ሊታፈን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2017 ኮዴይን ከ12 ዓመት በታች ላሉ ልጆች እንዳይሰጥ የወሰነው ይህን አደጋ አይቶ ነው።

ትርፍ ቅጂው በአፍሪካ ቀንድ ለምን በዛ? ከተመራማሪዎቹ አንዱ የሆኑት ስዊድናዊው ማግነስ ኢንገልማን ሰንድበርግ መልሱን በምግብ ውስጥ ፈልገዋል። በእሳቸው ግምት በጥንት ዘመን ክፉ ቀን ሲመጣ ሰው በደኅናው ጊዜ የማይነካውን ቅጠልና ሥር ይበላ ነበር። በእነዚያ ዕፅዋት ውስጥ ያለውን መርዝ ፈጥኖ የሚያስወግድ ጉበት የነበረው ሰው ተርፎ ልጅ አሳደገ፣ ትርፉን ቅጂም አወረሰ። ይህ ገና ግምት ነው፤ ሆኖም ስለ አካባቢው የረሃብና የድርቅ ታሪክ ለሚያውቅ ሰው ሚዛን የሚደፋ ግምት ነው።

ከዚህ ይበልጥ የሚያስደንቀው ግን እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሁለተኛው ውጤት ነው። ተመራማሪዎቹ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን በስዊድን ከሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጋር አነጻጸሩ። ዘረመላቸው አንድ ዓይነት የሆኑትን ብቻ ጎን ለጎን ሲያስቀምጧቸው በአገር ቤት ያሉት ሰዎች ኢንዛይም ስዊድን ካሉት ይልቅ ዝግ ብሎ ሲሠራ ተገኘ። የዘር ልዩነት የለም፤ የተለየው አገሩ ነው። ተመራማሪዎቹም ዋነኛ ተጠርጣሪ አድርገው ያቀረቡት አካባቢንና በተለይም ምግብን ነው።

ስለ ምግብና ስለ ዘር ለማሰብ ከዚህ ጥናት የተሻለ መነሻ ማግኘት ይከብዳል። በየቤቱ የሚሰማው ወሬ ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ «ስኳር በቤታችን አለ፣ ከእናቴ ነው የወረስኩት» ብሎ ገና ሳይታመም እጁን ይሰጣል። ሌላው «እኛ ዘንድ ይህ በሽታ የለም» ብሎ ይዝናናል። ሁለቱም ዘረመል ብቻውን የሚወስን ይመስላቸዋል። ነገር ግን ዘረመል ያለ ማዕድ አይሠራም፤ ማዕዱም ያለ ዘረመል አይገባም።

ከቡና ይበልጥ የሚቀርብ ምሳሌ የለም። አቦሉን፣ ቶናውንና በረካውን ጠጥቶ ጥቅልል ብሎ የሚተኛ ሰው አለ፤ ከሰዓት በኋላ አንድ ስኒ ቀምሶ ሌሊቱን ሙሉ የሚገላበጥም አለ። ካፌይንን የሚያፈርሰው ሲዋይፒ1ኤ2 የተባለ ሌላ የጉበት ኢንዛይም ነው፣ ፍጥነቱም ከሰው ሰው በውርስ ይለያያል። ውርሱ ግን የመጨረሻው ቃል አይደለም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ኢንዛይሙ ይፈጥናል፤ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል የምትወስድ ወይም ያረገዘች ሴት ኢንዛይሟ በእጅጉ ይዘገያል። ነፍሰ ጡሯ ቡናዋን መቀነስ ያለባት ለዚህም ነው፤ ያው የድሮው ስኒ አሁን በደሟ ውስጥ ብዙ ሰዓት ይቆያል።

ወተት ደግሞ ምግብ ዘረመልን በሺህ ዓመታት ውስጥ እንዴት እንደሚቀርጽ ያሳያል። ሕፃን ሲወለድ ላክቴዝ የሚባል ኢንዛይም አለው፣ በእሱም ላክቶስ የተባለውን የወተት ስኳር ይፈጫል። ጡት ከጣለ በኋላ ግን ከዓለም ሕዝብ ሁለት ሦስተኛ በሚሆነው ዘንድ ይህ ኢንዛይም እየቀነሰ ይሄዳል። ያልተፈጨው ስኳር ወደ ትልቁ አንጀት ሲወርድ በዚያ ያሉ ባክቴሪያዎች ያብላሉታል፤ ሆድ ይነፋል፣ ይጮኻል፣ አንዳንዴም ተቅማጥ ይከተላል። ከብት አርቢ በሆኑ ሕዝቦች ዘንድ ግን ኢንዛይሙ እስከ እርጅና የሚቆይላቸው ሰዎች በዙ፤ ወተት በድርቅ ጊዜም ምግብም መጠጥም ስለሆነ፣ የሚስማማው ሰው የመትረፍ ዕድሉ ከፍ አለ።

አውሮፓውያን ይህን ችሎታ ያገኙበት የዘረመል ለውጥ እ.ኤ.አ. በ2002 በፊንላንድ ተመራማሪዎች ታወቀ። ብዙዎች አፍሪካውያን አርቢዎችም ያንኑ የያዙ መስሏቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካዊቷ ሳራ ቲሽኮፍና ባልደረቦቻቸው በታንዛኒያ፣ በኬንያና በሱዳን ባደረጉት ጥናት አፍሪካውያኑ በራሳቸው መንገድ፣ በሌሎች ለውጦች፣ እዚያው ውጤት ላይ እንደደረሱ አሳዩ። የኢትዮጵያ ውጤት ደግሞ ይበልጥ አስገራሚ ሆነ። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅና በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትብብር የተሠራው፣ ፕሮፌሰር እንዳሻው በቀለም የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመው ጥናት በኢትዮጵያ አንድ ሳይሆን በርካታ ለውጦች ጎን ለጎን እንደሚገኙ አረጋገጠ። ከእነዚህ አንዱ ግመል በሚረባበት በዐረቢያ ልሳነ ምድር የሚበዛው ነው። እንዲህ ያለው ስብጥር በሌላው ዓለም ብዙ አይታይም። ኢትዮጵያ ከብትና ግመል የሚያረቡ፣ የሚተላለፉና የሚጋቡ ሕዝቦች የተገናኙባት ምድር መሆኗ በዲኤንኤ ውስጥ ተጽፎ ይነበባል።

ይህ ሁሉ ለአንድ ተራ ቤተሰብ ምን ይፈይዳል? ወተት የማይስማማው ጎልማሳ በሽተኛ አይደለም፤ እንዲያውም በዓለም ላይ ብዙኃኑ እሱ ነው። እርጎ ውስጥ ያሉት ባክቴሪያዎች ከላክቶሱ ከፊሉን ቀድመው ስለሚበሉት፣ አይብም አጓቱ ወጥቶ ላክቶሱ ስለሚቀንስ፣ ወተት ያስቸገረው ሰው እነዚህን ተመግቦ ካልሲየሙንና ፕሮቲኑን ሊያገኝ ይችላል። ለምርመራ መክፈልም ላያስፈልገው ይችላል።

ባቄላ ግን በቸልታ የሚታለፍ አይደለም። ኢትዮጵያ ባቄላ በብዛት በማምረት ከዓለም ቀዳሚዎቹ መካከል ናት፤ እሸቱ፣ አሹቁ፣ ፉሉ፣ እልበቱ፣ ስልጆው ሁሉ የጾም ገበታ ናቸው። ለአብዛኛው ሰው ይህ እጅግ ጥሩ ምግብ ነው። ጂ6ፒዲ የተባለው ኢንዛይም በውርስ ለጎደለበት ሰው ግን በባቄላ ውስጥ ያሉት ቪሲንና ኮንቪሲን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች ቀይ የደም ሕዋሳቱን ሊያፈነዱ ይችላሉ። በአንድ ወይም በሁለት ቀን ውስጥ ልጁ ይገረጣል፣ ዓይኑ ቢጫ ይሆናል፣ ሽንቱ ይጠቁራል። በዓለም ላይ ወደ 400 ሚሊዮን የሚጠጉ ሰዎች ይህ ጉድለት አለባቸው። ዘረመሉ ኤክስ በተባለው ክሮሞዞም ላይ ስለሚገኝ ከሴቶች ይልቅ ወንዶችን ያጠቃል።

ጉድለቱ እስከ ዛሬ ያልጠፋው ከወባ ስለሚከላከል ነው። በኢትዮጵያ በጠቅላላው ሲታይ ዝቅ ያለ ቢሆንም፣ ወባ በበረታባት በጋምቤላ ከፍ ይላል። ከባቄላም በላይ የሚያሳስበው መድኃኒቱ ነው። በጉበት ውስጥ ተደብቆ የሚቆየውን የቫይቫክስ ወባ ለማጥፋት የሚሰጠው ፕሪማኩዊን እነዚሁኑ ሰዎች ለደም መፈራረስ ሊዳርጋቸው ይችላል። የጉድለቱ ምንነት የታወቀውም እ.ኤ.አ. በ1956፣ ፕሪማኩዊን ወስደው የታመሙ ሰዎችን ደም በመመርመር ነው። ስለዚህ ፉል ወይም እሸት ባቄላ በልቶ ዓይኑ ቢጫ የሆነና ሽንቱ የጠቆረ ሰው በቤተሰቡ ያለው ሁሉ፣ የወባ መድኃኒት ሲታዘዝለት ይህን ለጤና ባለሙያው ሳይናገር መቅረት የለበትም።

በምግብ ብቻ የሚታከም የውርስ በሽታ መኖሩን የሚያውቁ ጥቂቶች ናቸው። በኖርዌይ አንዲት እናት ሁለት ልጆቿ አእምሯቸው ለምን እንዳልዳበረና ሽንታቸው ለምን ልዩ ሽታ እንዳለው የሚነግራት ሰው ለዓመታት ስትፈልግ ቆየች። እ.ኤ.አ. በ1934 ሐኪሙ አስቢዮርን ፎሊንግ ሽንታቸውን መርምረው ምክንያቱን ደረሱበት፤ ልጆቹ በፕሮቲን ውስጥ ያለውን ፌኒላላኒን የተባለ ንጥረ ነገር ማፍረስ አይችሉም ነበር፣ ተጠራቅሞም አንጎላቸውን ጎዳው። ለሁለቱ ልጆች መድኃኒት አልተገኘም። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ግን በእንግሊዝ ሆርስት ቢክል ፌኒላላኒን የተቀነሰበት ምግብ አዘጋጅተው ልጅን መርዳት እንደሚቻል አሳዩ፤ ከዚያም በአሜሪካ ሮበርት ጋትሪ ከአራስ ተረከዝ በሚወሰድ ጠብታ ደም በሽታውን ቀድሞ የሚለይ ምርመራ ሠሩ። ዛሬ ያን ዘረመል ይዞ የተወለደ ልጅ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከታወቀና ምግቡ ከተጠበቀ ተምሮ፣ ሠርቶ፣ ወልዶ ይኖራል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በእስራኤል የሚወልዱ ኢትዮጵያውያን እናቶች ልጃቸው ተረከዙ ሲወጋ የሚያዩት ለዚህና ለመሰል በሽታዎች ነው፤ ሊፈሩት አይገባም፣ ውጤቱንም መጠየቅ መብታቸው ነው። በአገር ቤት ለሁሉም አራስ የሚዳረስ እንዲህ ያለ አገልግሎት አለመኖሩ የሚያስቆጭ ነው፤ መጀመር ይኖርበታል።

አሁን ወደ ስኳር በሽታ። በአሜሪካ አሪዞና በጊላ ወንዝ አጠገብ የሚኖሩት የፒማ ሕዝቦች ለዘመናት በመስኖ በቆሎና ባቄላ የሚያመርቱ ገበሬዎች ነበሩ። በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ሰፋሪዎች የወንዙን ውኃ ወደ ራሳቸው መሬት ሲጠልፉት እርሻቸው ደረቀ፤ ቆይቶም ከመንግሥት በሚታደል ነጭ ዱቄት፣ ስብና ስኳር መኖር ጀመሩ። በዘር ቅርብ የሆኑት የሜክሲኮ ፒማዎች ግን በተራራ መንደራቸው እያረሱ ቀሩ። እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣ ጥናት የሁለቱን ወገኖች ልዩነት በቁጥር አስቀመጠው፤ በሜክሲኮ 6.9 በመቶ፣ በአሪዞና 38 በመቶ የሚሆኑት ጎልማሶች ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ነበረባቸው። ቅርብ ዘመዳሞች ናቸው፣ በሽታው ግን ከአምስት እጥፍ በላይ ይለያያል።

የቤተ እስራኤል ታሪክ ለአማርኛ አንባቢ ይበልጥ ይቀርባል። እ.ኤ.አ. በ1984 እና በ1985 በሙሴ ዘመቻ፣ በ1991 ደግሞ በሰሎሞን ዘመቻ በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች ከጎንደር ገጠሮችና ከሌሎችም አካባቢዎች ተነሥተው እስራኤል ገቡ። በሰሎሞን ዘመቻ ብቻ በ36 ሰዓታት ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ተጓዙ። ተራራ ሲወጡና ሲወርዱ፣ ሲያርሱና ውኃ ሲቀዱ የኖሩ፣ ጤፍ፣ ማሽላና ጥራጥሬ የለመዱ ሰዎች ናቸው። በአዲሱ አገር ነጭ ዳቦ፣ ስኳርና ጣፋጭ መጠጥ ጠበቃቸው፣ እግራቸውም ከመንገድ ወደ አውቶቡስ ገባ። እ.ኤ.አ. በ1988፣ ገና ጥቂት ዓመት ሳይቆዩ፣ የስኳር በሽታ በወጣቶቻቸው ዘንድ በብዛት መገኘቱን የሚገልጽ ጥናት ታተመ። በኋላ የተሠሩ ጥናቶች ሌላም ነገር ጨመሩ፤ በሽታው ክብደታቸው የተለመደ በሚባሉት ኢትዮጵያውያን ላይ ጭምር ከሌላው ሕዝብ ይልቅ በብዛት ይታያል። ለሌሎች ሕዝቦች የተቀመጠ የክብደት መለኪያ ለእነሱ ማስጠንቀቂያ አይሆንም ማለት ነው። በዋሽንግተን፣ በለንደን ወይም በዱባይ የሚኖር ኢትዮጵያዊ «አልወፈርኩም» ብሎ የደም ስኳሩን ሳይለካ መቅረቱ ለዚህ ነው አደገኛ የሚሆነው።

የምግብ መብዛት ብቻ አይደለም ስኳር የሚያመጣው። በጎንደር ሆስፒታል ሲሠሩ የኖሩት ዶክተር ሽታዬ ዓለሙና የሥራ ባልደረቦቻቸው ሌላ ዓይነት ሕመምተኛ ያውቃሉ። ከገጠር የሚመጣ፣ ቀጭን፣ ወጣት፣ ብዙ ጊዜም ደሀ ገበሬ ነው፤ ኢንሱሊን ይፈልጋል፣ ነገር ግን በመጻሕፍቱ እንደተጻፈው ዓይነት 1 አይመስልም። እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተሙት ጽሑፍ ከምግብ እጦት ጋር የተያያዘ የስኳር በሽታ ጉዳይ እንደገና እንዲታይ ጠየቁ። ጉዳዩ ሰሚ ያገኘው ከብዙ ዓመት በኋላ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2025 ዓለም አቀፉ የስኳር በሽታ ፌዴሬሽን በባንኮክ ጉባኤው ከምግብ እጦት የሚመጣውን የስኳር በሽታ «ዓይነት 5» ብሎ እውቅና ሰጠው። በእነዚያ የጎንደር ገበሬዎች ላይ የተደከመው ሥራ በዓለም መድረክ ቦታ ማግኘቱ ትልቅ ነገር ነው።

እጦት በሰው ላይ የሚተወው ምልክት ከእናት ሆድ ጀምሮ ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ እ.ኤ.አ. በ1944 እና 1945 ክረምት፣ ጀርመኖች በከበቡት የኔዘርላንድስ ምዕራባዊ ክፍል የቀን ራሽን በከፋው ጊዜ ከ400 እስከ 800 ካሎሪ ወረደ። በዚያ ወቅት የተፀነሱ ሰዎች ከ60 ዓመት በኋላ ደማቸው ሲመረመር፣ ለዕድገት አስፈላጊ የሆነው አይጂኤፍ2 የተባለው ዘረመል ላይ የሚቀመጡት ሜቲል የሚባሉ ኬሚካላዊ ምልክቶች ከወንድሞቻቸውና ከእኅቶቻቸው ያነሱ ሆነው ተገኙ። የዲኤንኤው ፊደል አልተለወጠም፤ የተለወጠው ሰውነት ፊደሉን የሚያነብበት መንገድ ነው። በማሕፀን ሳሉ ረሃቡ ያገኛቸው በጉልምስናቸው የደም ስኳራቸውን መቆጣጠር እንደሚያዳግታቸውም ታይቷል።

በኢትዮጵያ የ1976 እና የ1977 ዓ.ም. ረሃብ ልጆች ዛሬ የቤተሰብ ኃላፊዎች ናቸው። በራያ ቆቦ ወረዳ የተሠራና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ ጥናት በፅንስነታቸው ወይም በጨቅላነታቸው ረሃቡ ያገኛቸው ጎልማሶች በማስታወስና በማገናዘብ ምዘና ዝቅ ያለ ውጤት እንዳገኙ አመልክቷል። እነዚህ ሰዎች በየጤና ጣቢያው ሲቀርቡ የተወለዱበት ዓመት ከዕድሜ ያለፈ ነገር ይናገራል፤ ደም ግፊታቸውና ስኳራቸው ቀድሞ ሊለካ ይገባል።

እንግዲህ ነገሩ ይህን ያህል ከሆነ፣ ምራቅን በፖስታ ልኮ «ለዘረመልዎ የሚስማማ ምግብ» መግዛት አይሻልም? ገበያው በአሜሪካና በአውሮፓ ደርቷል። ማስረጃው ግን ለገበያው አያደላም። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ክሪስቶፈር ጋርድነርና ባልደረቦቻቸው 609 ሰዎችን በሁለት ከፍለው ለ12 ወራት፣ አንዱን ወገን ስብ፣ ሌላውን ወገን ካርቦሃይድሬት አስቀነሱ። ለስብ ቅነሳ ይስማማል ወይም ለካርቦሃይድሬት ቅነሳ ይስማማል የተባለው ዘረመል ማን ምን ያህል ክብደት እንደሚቀንስ አስቀድሞ መናገር አልቻለም። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ይህ ውጤት ግልጽ ነው። በሁለቱም ወገን የቀነሱት ሰዎች አትክልት እንዲያበዙ፣ ስኳርና ነጭ ዱቄት እንዲተዉ የተመከሩ ነበሩ። አንድ ዓይነት ምግብ የበሉ መንትዮች እንኳ፣ ከአንድ እንቁላል የተወለዱት ሳይቀሩ፣ የደም ስኳራቸው በተለያየ መጠን እንደሚወጣ ሌላ ጥናት አሳይቷል። የታወቀ የቤተሰብ በሽታ ያለበት ሰው በሐኪም ምክር ቢመረመር ተገቢ ነው፤ ለክብደት ተብሎ የሚሸጠው ምርመራ ግን ገንዘቡን አያወጣም።

ገንዘብና ጉልበት መዋል ያለበት የት እንደሆነ የሚያሳይ ጉዳይ በአገር ቤት አለ። የፅንሱ አንጎልና ህብለ ሰረሰር የሚሠራበት ቱቦ ከፅንሰት በኋላ በ28ኛው ቀን ገደማ ተዘግቶ ያልቃል። ካልተዘጋ ልጁ አከርካሪው ወይም የራስ ቅሉ ክፍት ሆኖ ይወለዳል፤ ብዙዎቹ አይተርፉም፣ የተረፉትም በተደጋጋሚ ቀዶ ጥገናና በአካል ጉዳት ይኖራሉ። በዓለም ላይ ይህ ከ10,000 ወሊድ ወደ 20 በሚጠጉት ላይ ይደርሳል፤ በትግራይና በአዲስ አበባ ሆስፒታሎች የተሠሩ ጥናቶች ግን ከ10,000 ከ120 በላይ ቆጥረዋል። በውርስ የሚመጣ ድርሻ አለው፤ ኤምቲኤችኤፍአር በተባለው ዘረመል ላይ ያለ ለውጥ ሰውነት ፎሌት የተባለውን ቫይታሚን የሚጠቀምበትን መንገድ ያደክማል። ነገር ግን ፎሌት በበቂ ሲገኝ ያ ድካም ይካካሳል። እ.ኤ.አ. በ1991 በብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት የተመራው ጥናት፣ ቀድሞ እንዲህ ያለ ልጅ የወለዱ እናቶች ከማርገዛቸው በፊት ጀምረው ፎሊክ አሲድ የተባለውን የፎሌት እንክብል ሲወስዱ ችግሩ በ72 በመቶ እንደሚቀንስ አረጋገጠ።

የኢትዮጵያ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2022 የስንዴ ዱቄት ፎሊክ አሲድ እንዲጨመርበት አስገዳጅ ደረጃ አውጥቷል። ጥሩ ውሳኔ ነው፤ ሆኖም ከጎተራው አውጥታ በመንደሯ ወፍጮ ቤት ለምታስፈጭ የገጠር እናት አይደርሳትም። ለዚህ ነው ፎሊክ አሲድን አዮዲን ባለው ጨው ላይ መጨመርን የሚያጠኑ ባለሙያዎች ሥራ ሊደገፍና ሊፋጠን የሚገባው፤ ጨው የማይገባበት ቤት የለምና።

እስከዚያው ግን የሚጠብቅ ጊዜ የለም። አብዛኞቹ እናቶች ወደ ቅድመ ወሊድ ክትትል የሚመጡት ቱቦው ከተዘጋ ከብዙ ሳምንታት በኋላ ነው፤ ያኔ የሚሰጠው እንክብል ለደም ማነስ ይጠቅማል እንጂ ይህን ችግር አይከላከልም። ልጅ ለመውለድ ያሰበች ሴት ከማርገዟ ቢያንስ አንድ ወር በፊት በቀን 400 ማይክሮግራም ፎሊክ አሲድ ትጀምር፤ ከዚህ ቀደም አከርካሪው ክፍት የሆነ ልጅ የወለደች እናት ከዚያ ከፍ ያለ መጠን ስለሚያስፈልጋት ሐኪም ታማክር። ባሎች፣ አማቶችና የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችም ይህን ከሠርጉ ማግስት ጀምረው ያስታውሱ።